ዮሴፍ የማን ልጅ ነው?

የዛሬ 15 ዓመት ገደማ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ታዳጊዎችን አስተምር ነበር። የዕለቱ ትምህርት የጌታ ጥምቀት ስለነበር ሉቃስ ምዕራፍ 3ን አውጡ አልኳቸው። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ እጇን አወጣች። መጽሐፍ ቅዱሷን ሁለት ቦታ ላይ ይዛዋለች፤ አንድ ጣቷ ማቴዎስ 1 ላይ፣ ሌላው ሉቃስ 3 ላይ ነው።

«መምህር፣ ዮሴፍ የማን ልጅ ነው? ማቴዎስ የያዕቆብ ይላል። ሉቃስ ደግሞ የኤሊ ይላል።»

ጥያቄውን ከዚያ በፊትም ሰምቼው አውቃለሁ። መልስ ተብሎ የሚሰጠውንም አውቃለሁ። «አንዱ የዮሴፍ የዘር ሐረግ ነው፤ ሌላው የእመቤታችን ነው» አልኳት። ቶሎ ወደ ዮርዳኖስ መመለስ ፈልጌ ነበር።

አጎንብሳ እንደገና አነበበች። «ግን መምህር፣ ሁለቱም ቦታ ላይ የተጻፈው ዮሴፍ ነው እኮ። እዚህ ዝርዝር ላይ ማርያም የሚል የለም።»

«ስታድጊ ይገባሻል» አልኳት።

ጣቶቿን ከመጽሐፉ አወጣች። መጽሐፉ ተዘጋ። ከዚያ ቀን በኋላ እጇን ስታወጣ አላየሁም። ትምህርቱን አላቋረጠችም፤ ትመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ ትዘምራለች። ጥያቄ ግን የለም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የሰጠኋት መልስ እኔ ራሴ በሩጫ የታጠቅኩት ነበር። ከማን እንደሰማሁት እንኳ አላስታውስም። አንድም ቀን ሁለቱን ምዕራፎች ጎን ለጎን አስቀምጬ አላነበብኳቸውም። እሷ አንብባለች።

ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ሁለቱን ዝርዝሮች ደብተር ላይ ጻፍኳቸው። ከአብርሃም እስከ ዳዊት ብዙ ችግር የለም። ከዳዊት በኋላ ግን መንገዱ ይለያያል። ማቴዎስ በሰሎሞን ይወርዳል፤ ሉቃስ በሌላኛው የዳዊት ልጅ በናታን በኩል ይሄዳል። ከዚያ ሁለቱ የሚገናኙት ከባቢሎን ምርኮ ወዲህ፣ ሰላትያልና ዘሩባቤል ላይ ነው። ወዲያው እንደገና ይለያያሉ። ዳግመኛ የሚገናኙት ዮሴፍ ጋ ነው።

ቆጠርኳቸው። ከዳዊት በኋላ እስከ ኢየሱስ ማቴዎስ ጋ 27 ስም አለ። ሉቃስ ጋ 42። ዘመኑ አንድ ነው፣ ወደ 1000 ዓመት ይጠጋል። በማቴዎስ ዝርዝር ከአባት እስከ ልጅ ያለው ርቀት በአማካይ 37 ዓመት ይመጣል፤ በሉቃስ 24።

ማቴዎስን ደግሞ ብቻውን ስመለከተው ሌላ ነገር ወጣ። «ኢዮራምም ዖዝያንን ወለደ» ይላል። መጽሐፈ ነገሥትን ስከፍት ግን በመካከላቸው ሦስት ነገሥታት አሉ፤ አካዝያስ፣ ኢዮአስ፣ አሜስያስ። ዖዝያን የኢዮራም ልጅ ሳይሆን የልጅ ልጁ የልጅ ልጅ ነው። ዝቅ ብሎ ኢዮስያስ ኢኮንያንን ወለደ ይላል፤ እዚያም ኢዮአቄም ተዘሏል። ከዚያ «አሥራ አራት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ አራት» ብሎ ይደመድማል፤ የመጨረሻውን ክፍል በጣቴ ስቆጥረው 13 ነው።

ማቴዎስ ቀራጭ ነበር። ሥራው ቁጥር ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚያመልጠው ሰው አይመስለኝም ነበር። ግን ለምን? መልስ አልነበረኝም። ደብተሩን እኔም ዘጋሁት፤ ልክ እንደ ልጅቷ።

ለቅሶ ቤት

ደብተሩን እንደገና ያስከፈተኝ መጽሐፍ አይደለም። የአባቴ ሞት ነው።

አባቴ ያረፈው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። በቀብሩ ዕለት የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንደተለመደው «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በጎጃም ክፍለ ሀገር ተወለዱ» ብዬ ጀመርኩ። የአያቴን ስም የወሰድኩት ከአባቴ መታወቂያ ነው። የእኔም ሦስተኛ ስም ነው፤ ፓስፖርቴ ላይ ያለ፣ ዲግሪዬ ላይ ያለ። ማን ይጠራጠረዋል?

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ከፊት የአባቴ ታላቅ እህት ተቀምጣለች። ከገጠር ሌሊቱን ተጉዛ የመጣች ናት። የአያቴን ስም ስጠራ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጥ አድርጋ አየችኝ። ምንም አላለችም።

ማታ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ቀለል ሲል ጠራችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ልጄ፣ ዛሬ ያነበብከውን ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«ወንድሜን ለማን ሰጠኸው?»

አልገባኝም። እሷ ግን ቀስ ብላ ነገረችኝ። አባታቸው የሞተው እናታቸው አባቴን ነፍሰ ጡር ሆና ሳለ ነው። እሷ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ የአባቷ ወገኖች ዘንድ ቀረች። ሕጻኑን ግን የእናታቸው ወንድም ወሰደው። ያ አጎት ልጅ አልነበረውም። ልጁን እንደ ራሱ ልጅ አሳደገው። ከተማ ይዞት ሄዶ ትምህርት ቤት ሲያስመዘግበው «የአባት ስም?» ሲሉት የራሱን ስም ሰጠ። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ ሁሉ በዚያው ሄደ።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አክስቴና አባቴ የአባት ስማቸው ለምን እንደሚለያይ በራሴ ተርጉሜው ነበር። በእናት ብቻ ይገናኛሉ ብዬ አስብ ነበር። ማንንም አልጠየቅኩም። ለካስ የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

«ታዲያ አባዬ ለምን አልነገረኝም?» አልኳት።

«ምኑን ይነግርሃል? ላሳደገው አባቴ ይል ነበር። ለሞተውም አባቴ ይል ነበር። ለእሱ የሚነገር ነገር አልነበረውም።»

የሞተ ወንድሟን ስም አስተካክላ ልትቀብረው ነበር ሌሊቱን ሙሉ የተጓዘችው። እኔ ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት ለሌላ ሰው ሰጠሁት። ይቅርታ ልጠይቃት ስል እንባዬ መጣ። ያን ጊዜ ነው አጠገባችን ንፍሮ ይዘው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የገቡበት። ከዚያው ከገጠር የመጡ ዘመድ ናቸው።

«ልጁን አታስጨንቂው» አሏት። «ያነበበውም እውነት ነው፤ አንቺ የምትዪውም እውነት ነው።»

«እንዴት ሁለቱም እውነት ይሆናል አባባ?» አልኳቸው።

«ምን ልትቆጥር ነው የፈለግኸው? ርስት ስንካፈል በወለደው ቆጠርንለት፤ ድርሻውን አገኘ። ያሳደገው ሲሞት ደግሞ ፊት ሆኖ የቀበረው እሱ ነው፤ ተዝካሩን ያወጣው እሱ ነው፤ ቤቱንም የወረሰው እሱ ነው። ልጁ ነዋ! መሬት ከሆነ ጥያቄው በዚያ ትቆጥራለህ። ቤት ከሆነ በዚህ ትቆጥራለህ።»

የጎጃምን የርስት ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ይህ ተራ ንግግር እንዳልሆነ ይገባዋል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ሰው መሬት የሚያገኘው ከአቅኚው አባት ጀምሮ ትውልዱን ቆጥሮ ነው። በአባትም ይቆጠራል፤ በእናትም ይቆጠራል። አንድ ሰው ለአንዱ መሬት በአንድ ሐረግ፣ ለሌላው በሌላ ሐረግ ሊቆም ይችላል። ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ ሁለቱንም ይጠራል። ማንም ዋሸህ አይለውም። የሚሉት «በየትኛው ልትገባ ነው?» ነው።

«ምን ልትቆጥር ነው የፈለግኸው?» የሚለው የሽማግሌው ጥያቄ ሌሊቱን ጆሮዬ ውስጥ አደረ። ሰልስት ሳይወጣ አክስቴንና እኚህን ሽማግሌ አስቀምጬ ሁለቱንም ሐረግ ሰባት ሰባት ቤት አስቆጠርኳቸው። ወረቀት ላይ ጻፍኩት። በግራ ሰባት ስም፣ በቀኝ ሰባት ስም። ከአባቴ ስም በላይ አንድም የሚመሳሰል የለም።

ወረቀቱን ሳይ የልጅቷ ሁለት ጣቶች ታዩኝ።

አስቡት። አንድ ሰው መታወቂያውን ይዞ የአባቴን ትውልድ ቢጽፍ፣ ሌላው ደግሞ አክስቴን ጠይቆ ቢጽፍ፣ ሁለቱም ሳይገናኙ ቢሞቱ። ከብዙ ዘመን በኋላ ሁለቱን ወረቀት ያገኘ ሰው «አንዳቸው ተሳስተዋል፣ ወይም አንዳቸው ዋሽተዋል» ይል ነበር። ከሁለቱ አንዱንም ሊጥል ይችላል። የሚያውቀው ነገር ስለጎደለው ነው እንጂ ወረቀቶቹ ሐሰት ስለሆኑ አይደለም። የጎደለው ነገር ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ሕጻኑን ያሳደገው የእናቱ ወንድም ነው የሚል።

የአፍሪካኖስ ደብዳቤ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ከአርባው በኋላ ደብተሬን አውጥቼ እንደገና ጀመርኩ። ያን ጊዜ ነው ከእኔ በፊት በዚህ ጥያቄ የተጨነቀ ሰው ያገኘሁት። ዩልዮስ አፍሪካኖስ ይባላል፤ በ3ኛው መቶ ዘመን የኖረ ክርስቲያን ጸሐፊ ነው። አርስጢዲስ ለተባለ ሰው በዚሁ ጉዳይ ደብዳቤ ጽፎለታል። ደብዳቤው የደረሰን የቂሳርያው አውሳብዮስ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ መጽሐፉ መጀመሪያ አካባቢ ስላስቀመጠልን ነው።

አፍሪካኖስ የሚነሣው ከኦሪት ሕግ ነው። ዘዳግም 25 ላይ አንድ ሰው ልጅ ሳይወልድ ቢሞት ወንድሙ ሚስቱን ያግባ ይላል። የሚወለደው በኵር ልጅ በሞተው ወንድም ስም ይጠራል፤ ስሙ ከእስራኤል እንዳይጠፋ። ይህን ይዞ እንዲህ ይተርካል። ከሰሎሞን ወገን የሆነው ማታን ኤስታ የምትባል ሴት አግብቶ ያዕቆብን ወለደ። ማታን ሞተ። ከናታን ወገን የሆነው ሚልኪ መበለቲቱን አግብቶ ኤሊን ወለደ። ስለዚህ ያዕቆብና ኤሊ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አባታቸው ግን ለየቅል ነው። ኤሊ አግብቶ ልጅ ሳይወልድ ሞተ። ያዕቆብ የወንድሙን ሚስት አገባ፤ ዮሴፍን ወለደ። ዮሴፍ በሥጋ የያዕቆብ፣ በሕግ የኤሊ ልጅ ሆነ።

ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። የአባቴ ታሪክ በሌላ መልኩ ነበር።

አፍሪካኖስ ይህን የሰማሁት ከጌታ የሥጋ ዘመዶች ነው ይላል። በናዝሬትና ኮከባ በሚባል መንደር የነበሩ ቤተሰቦች ናቸው። ሄሮድስ በገዛ ትውልዱ ስለሚያፍር የትውልድ መዝገቦችን አቃጥሎ ነበር፤ እነዚህ ቤተሰቦች ግን በቃላቸው ይዘው ወይም ቅጂ አስቀርተው ጠበቁት ይላል። ሰባት ቤት በቃሏ የያዘችውን አክስቴን አሰብኩ።

ከሁሉ በላይ የወደድኩለት ግን ሌላ ነው። ታሪኩን ከጨረሰ በኋላ ለዚህ የሚመሰክር ሌላ ማስረጃ እንደሌለው ራሱ ይናገራል። ከዚህ የተሻለ ወይም ከዚህ የበለጠ እውነት የሆነ ስላላገኘን ይኸው ነው ይላል። በመጨረሻም ወንጌሉ ግን በማንኛውም መንገድ እውነት ነው ብሎ ያልፋል። ይህ ሰው ልጅቷ ብትጠይቀው ኖሮ «ስታድጊ ይገባሻል» የሚላት አይመስለኝም።

ማብራሪያው ቋጠሮ የለውም ማለት አይደለም። ዛሬ በእጃችን ባለው ሉቃስ ውስጥ በሚልኪና በኤሊ መካከል ሌዊና ማቲ አሉ። አፍሪካኖስ እነሱን አይጠቅስም፤ ያነበበው ቅጂ ላይ እነዚያ ስሞች አልነበሩም ይሆናል። ሁለተኛ፣ የአይሁድ ሊቃውንት የዘዳግም ሕግ የሚሠራው ለአንድ አባት ልጆች ነው ይላሉ፤ በእናት ብቻ ለሚገናኙ ወንድሞች አይደለም። ሦስተኛው ደግሞ ከራሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ይመጣል። መጽሐፈ ሩትን አስታውሱ። ቦዔዝ ሩትን ያገባው የሞተውን የመሐሎንን ስም ለማስነሣት ነው። ኢዮቤድ ሲወለድ ጎረቤቶች «ለኑኃሚን ወንድ ልጅ ተወለደላት» አሉ። ሆኖም ማቴዎስም ሉቃስም ኢዮቤድን የቦዔዝ ልጅ ብለው ነው የቆጠሩት። መሐሎን የለም። እዚህ ላይ ሁለቱም በሥጋ ቆጥረዋል ማለት ነው። ታዲያ ዮሴፍ ላይ ሲደርሱ አንዱ ለምን በሕግ ቆጠረ?

ለልጅቷ የሰጠኋት መልስስ? እሱም መሠረት የሌለው አይደለም፤ ያኔ እኔ መሠረቱን አላውቀውም ነበር እንጂ። የሉቃስ 3:23 የግሪክኛው ጽሑፍ ላይ በዝርዝሩ ያሉት ስሞች ሁሉ አንድ መስተአምር (እንደ እንግሊዝኛው «the» ያለ ቃል) ይቀድማቸዋል፤ ከዮሴፍ በስተቀር። ስለዚህ አንዳንዶች «እንደመሰላቸው የዮሴፍ ልጅ» የሚለውን በቅንፍ እንዳለ ቆጥረው፣ ኢየሱስን በቀጥታ ለኤሊ ይሰጡታል፤ ኤሊም የእመቤታችን አባት ይሆናል። በእኛ ትውፊት የእመቤታችን አባት ኢያቄም ነው። ኤሊ ደግሞ ኤልያቄም ለሚለው ስም ማሳጠሪያ ሊሆን ይችላል። 2ኛ ዜና መዋዕል 36 ላይ የግብጽ ንጉሥ ኤልያቄምን ስሙን ለውጦ ኢዮአቄም ብሎታል። ኤልያቄምና ኢያቄም እንግዲህ ያን ያህል አይራራቁም። ሴት ልጅ ያገባ ሰው በአማቱ ስም መጠራቱም በመጽሐፍ ያለ ነው። ዕዝራ ምዕራፍ 2 ላይ ከገለዓዳዊው ከቤርዜሊ ልጆች ሚስት አግብቶ በስማቸው የተጠራ ካህን አለ።

ይህን ሁሉ ብነግራት ኖሮ ምናልባት አልቀበልም ትል ነበር። መብቷ ነው። ግን ጣቶቿን አታወጣም ነበር።

ወለደ ማለት

የተዘለሉት ነገሥታት ነገር የገባኝ በዕዝራ በኩል ነው። ዕዝራ ካህን ነው። በስሙ በሚጠራው መጽሐፍ ምዕራፍ 2 ላይ ትውልዱን በመዝገብ ማሳየት ያልቻለ ካህን ከክህነት ተከልክሏል። የትውልድ ቆጠራ የሚቀለድበት ነገር አልነበረም። ይኸው ሰው ምዕራፍ 7 ላይ የተቀመጠውን የራሱን ትውልድ ከ1ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 6 ጋር አስተያዩት። በመራዮትና በዓዛርያስ መካከል ስድስት ስሞች የሉም። እገሌ የእገሌ ልጅ እያለ ነው የዘለላቸው። ማንም ሐሰተኛ ነህ አላለውም። ቅድመ አያትም አባት ነው፤ እኛም «አባቶቻችን» ስንል የወለዱንን ብቻ ማለታችን አይደለም።

ማቴዎስ የዘለላቸው ሦስት ነገሥታት ከማን ቀጥለው እንደመጡ ማየትም ደስ ይላል። ኢዮራም ያገባው ጎቶልያን ነው፤ የአክዓብን ልጅ። የተዘለሉት ልጇ፣ የልጅ ልጇና የልጅ ልጇ ልጅ ናቸው። ኃጢአትን እስከ ሦስትና አራት ትውልድ የሚለውን የኦሪት ቃል የሚያስታውሱ አሉ። ይሆናል። እኔ ግን ይበልጥ የሚታየኝ ቁጥሩ ነው። በዕብራይስጥ ዳዊት የሚለው ስም ሦስት ፊደል ነው፤ ዳሌጥ 4፣ ዋው 6፣ ዳሌጥ 4። ሲደመር 14። ማቴዎስ መጽሐፉን የከፈተው «የዳዊት ልጅ» ብሎ ነው። ዝርዝሩን በሦስት ጊዜ 14 ሲያስቀምጠው የዳዊትን ስም ሦስት ጊዜ እየጠራ ነው። የጎደለው አሥራ አራተኛም ዳዊትን ሁለት ጊዜ ከቆጠርን ይገኛል፤ ከአብርሃም እስከ ዳዊት 14፣ ከዳዊት እስከ ኢዮስያስ 14፣ ከኢኮንያን እስከ ክርስቶስ 14። የማቴዎስም ቃል «ከዳዊት እስከ ባቢሎን ምርኮ» እያለ ዳዊትን ሁለቴ ይጠራዋል።

ሽማግሌው ያሉትን ላምጣው። ምን ልትቆጥር ነው የፈለግኸው? ማቴዎስ የሚቆጥረው ዙፋኑን ነው ብዬ አምናለሁ። ከሰሎሞን እስከ ኢኮንያን የጠራቸው ሁሉ ነገሥታት ናቸው። ዙፋኑ ለማን እንደሚገባ ነው የሚያሳየው። ሉቃስ ግን ነገሥታት አልጠራም። ከዳዊት እስከ ሰላትያል ያሉት ማንም የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው። በአማካይ በ24 ዓመት አንድ ትውልድ፤ እንደ ማንኛውም ቤተሰብ። እስከ አዳም ይወጣና «የእግዚአብሔር ልጅ» ብሎ ያቆማል። እሱ የሚቆጥረው ሰውነቱን ነው። ይህ ከአፍሪካኖስ ጋር ሙሉ በሙሉ አይስማማም። እሱ ማቴዎስን ለሥጋ፣ ሉቃስን ለሕግ ነው የሰጠው፤ እኔ ወደ ተቃራኒው አዘነብላለሁ። በአንድምታ ትምህርታችን ሊቃውንቱ አንዱን ትርጉም ከሰጡ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላውን ይጨምራሉ፤ የመጀመሪያውን ሳይጥሉ። እኔም በዚያው መንፈስ ነው የማስቀምጠው።

በነገራችን ላይ፣ ሉቃስ በአርፋክስድና በሳላ መካከል ቃይንምን ያስገባል። የዕብራይስጡ ዘፍጥረት 11 ላይ ይህ ሰው የለም። በሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም አለ። መጽሐፈ ኩፋሌም ምዕራፍ 8 ላይ ያውቀዋል፤ ቀደምት ሰዎች ድንጋይ ላይ የቀረጹትን ጽሕፈት አግኝቶ ያነበበ ሰው ነው ይላል። ኩፋሌ ደግሞ ሙሉው ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው። አንድ ስም ተጨመረ ብለው የሚከራከሩ ሰዎች ሲገጥሙኝ ይህን እነግራቸዋለሁ፤ ሉቃስ ከራሱ አልፈጠረውም።

ዘር ቆጠራ የሚለው ቃል ዛሬ አፋችን ላይ እንደሚመር አውቃለሁ። ስንት ሰው ምን እንደሆነበት አይተናል። ማቴዎስ ግን በንጉሡ ሐረግ ውስጥ ከነዓናዊቷን ራኬብን ጠርቷል፤ ሞዓባዊቷን ሩትን ጠርቷል፤ የኦርዮን ሚስት በኦርዮ ስም ጠርቷል። ሊደብቃቸው ቢፈልግ ይችል ነበር፤ ነገሥታት የዘለለ ሰው ሴቶቹን መዝለል አያቅተውም። አልዘለላቸውም።

ማኅተሙ

አንድ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ አስጨንቆኛል። ማቴዎስ የዙፋኑን ሐረግ የሚያወርደው በኢኮንያን በኩል ነው። ኤርምያስ 22 ላይ ደግሞ እግዚአብሔር ይህን ሰው ልጅ እንደሌለው ጻፉት ይላል፤ ከዘሩ በዳዊት ዙፋን የሚቀመጥ አይከናወንለትም። ታዲያ በተረገመ ሰው በኩል የመጣ ዙፋን ምን ዙፋን ነው?

ኢኮንያን በ597 ቅድመ ልደት ክርስቶስ ወደ ባቢሎን ሲወሰድ የ18 ዓመት ልጅ ነበር። ጀርመናውያን ባቢሎንን ሲቆፍሩ ባገኟቸው የሸክላ ጽሑፎች ላይ ስሙ አለ። የቀለብ መዝገብ ነው፤ ለይሁዳ ንጉሥና ለአምስት ልጆቹ የተሰፈረ ዘይት። ጽሑፉ ከምርኮው ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ 592 ገደማ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ልጆች ነበሩት። «ልጅ እንደሌለው» የተባለው ስለ ዙፋኑ ነው።

ኤርምያስ በዚያው ምዕራፍ ኢኮንያን በቀኝ እጄ ያለ ማኅተም ቢሆን እንኳ ነቅዬ እጥለዋለሁ ይላል። ከዚያ ሐጌን አነበብኩ። የመጨረሻው ቁጥር ነው። ምርኮኞቹ ተመልሰዋል፤ ቤተ መቅደሱ እየተሠራ ነው። እግዚአብሔር ዘሩባቤልን «እንደ ማኅተምም አደርግሃለሁ» ይለዋል። በአያቱ ጊዜ ከእግዚአብሔር እጅ የተነቀለው ማኅተም በልጅ ልጁ ተመለሰ። ሁለቱም ወንጌላውያን ደግሞ ከዳዊት ወዲህ ተለያይተው የሚገናኙት እዚህ ሰው ላይ ነው። ሰላትያልን ማቴዎስ ለኢኮንያን፣ ሉቃስ ለኔሪ ይሰጡታል። ልጅ የለውም ተብሎ የተጻፈ ሰው ከሌላ የዳዊት ቤት ልጅ ወስዶ አሳድጎ ይሆን? አባቴን ያሳደገው ሰውዬ እንዳደረገው? ጽሑፉ ይህን አይነግረንም። እኔም እንደ አፍሪካኖስ ማስረጃ የለኝም። ግን ከዚያ ድንኳን በኋላ ይህን ማሰብ አይከብደኝም።

አክስቴ ከሙት ዓመቱ በፊት ደውላ «ሐውልቱ ላይ ማን ብላችሁ ጻፋችሁት?» አለችኝ። ዘር ከልጓም ይስባል። የወለደውንም ያሳደገውንም እንደምናስጽፍ ነገርኳት። ድንጋይ ቀራጩ «ሁለት አባት?» ብሎ ደጋግሞ ጠይቆኛል። ዝም ብላ ቆይታ «ያሳደገውም ይገባዋል» አለች።

ባለፈው ሰሞን የልጅቷን ስልክ ከድሮ ተማሪዎች አገኘሁ። አግብታለች፤ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ወዲያው አወቀችኝ። ለምን እንደደወልኩ ስነግራት ግን ዝም አለች። ይቅርታ ጠየቅኳት። ያን ቀን የሚገባት እሷ እንደነበረች፣ ያልገባኝ እኔ እንደነበርኩ ነገርኳት። ከዚያ ስለ አባቴ ነገርኳት፤ ስለ አፍሪካኖስ፣ ስለ ኤስታ፣ ስለ ሽማግሌው። አላቋረጠችኝም።

ስጨርስ ሳቅ አለች። «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ያኔም ልጠይቅዎት ነበር።»

«ጠይቂኝ።»

«ዘሩባቤልስ? ማቴዎስም ሉቃስም የሰላትያል ልጅ ይላሉ። ዜና መዋዕል ግን የፈዳያ ልጅ ነው የሚለው።»

«ምዕራፍ 3ን አውጪው፤ እኔም ላውጣ» አልኳት። ስልኩ ውስጥ ገጽ ሲገለጥ ይሰማኛል።